የሚካኤል ቀን አሰላለፍ

የጋሽ ታረቀ ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው በአንድ ችፑድ ብቻ ነው። ችፑዱ ላይ በሳሎኑ በኩል የልጃቸው የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል፤ በእሳቸው በኩል ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ተለጥፏል። ድምፅን ግን ፎቶውም ቀን መቁጠሪያውም አያግዱትም። ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሽ ታረቀ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሐኪም ያዘዘላቸውን የወገብ ቀበቶ ሲያስሩ፣ ይታያል የሚባለው የልጃቸው ባል ሳሎን ሆኖ በስልክ ሲያወራ ሰሙት። «ይታያል ብለሽ ጻፊ ማርቲ። አሠልጣኝ ይታያል ደሴ። ኧረ እኔው ነኝ፣ ሌላ ማን ሊሠራው ነው? አማቴ? እሳቸውማ ለጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ አንዳንዴ ቁልፍ ይጫናሉ።» ከዚያ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ሰው በሌለበት ስለ ሰው የሚሳቅ ተራ ሳቅ ነው። ጋሽ ታረቀ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ጨምረው አጠበቁት።

ስሙ የሚጻፈው ዋንጫ ላይ ነበር። ቁመቱ ከስንዝር ብዙ የማያልፍ ቢጫ ዋንጫ ነው፤ ማርቲ ጁስ ቤቷ መስታወት ውስጥ ካስቀመጠችው ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ስምንት ሰዎች ዓመት ሙሉ ተወዳድረውበት ሁለቱ ለፍጻሜ ቀርተዋል፤ ጨዋታው ዛሬ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። ማርቲ ቀራጩ ጋ ስትሄድ ስም እንዳትሳሳት የሁለቱንም አሠልጣኞች ስም ከነአባታቸው አስቀድማ እየጠየቀች ነበር። ጨዋታው የኮምፒውተር ነው፣ ቤዝቦል ይባላል። ኔት ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግነው ይታያል ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ አገኘውና ለጓደኞቹ ገለበጠላቸው። እግር ኳስ ቢሆን ኖሮ ሁሉም የየራሱ የፈረንጅ ክለብ አለው፣ ገና ሳይጀመር ይጣሉ ነበር፤ ቤዝቦልን ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚደግፍ ስለሌለ ሰላም ነው። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ መቺው «ቤዝ» በሚባሉት አራት ማዕዘኖች ዞሮ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው። ለገና ጨዋታ ዱላ ይዞ ሜዳ የወጣ ሰው ይኼ አይከብደውም። ደግሞ እዚህ ላይ ሰውየው አይሮጥም፣ አይመታም፤ አሠልጣኝ ነው። ማን ይሰለፍ፣ ማን ይረፍ፣ ማን በማን ይቀየር ብሎ ያዝዛል፣ የሚጫወቱት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው።

ይታያል ራሱ ያመጣውን ጨዋታ አልቻለበትም። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈና ጓደኞቹ «መደዳ» የሚል ስም አወጡለት። እሱም ተናዶ ላፕቶፑን ዘጋና ያን ክረምት ወገባቸውን ታመው ለተኙት አማቱ ሰጣቸው፤ «ይኼን ይነካኩበት፣ ቀኑ ይገፋልዎታል» ብሎ። ልጃቸው ማርያማዊት የሒሳብ መምህር ናት። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በእያንዳንዱ ተጫዋች ስም አጠገብ ያሉት ቁጥሮች ምን እንደሆኑ አስረዳቻቸው፤ ይኼ ፍጥነቱ፣ ይኼ ክንዱ፣ ይኼ ዓይኑ፣ ይኼ ደግሞ የቀረው ጉልበት ነው እያለች። ጋሽ ታረቀ የተማሩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቁጥሮቹን ሲያዩ ግን ሰው ታያቸው።

እንዴት አይታያቸው? ሠላሳ አንድ ዓመት እህል በረንዳ ላይ የጫኝና አውራጅ አለቃ ነበሩ። አንድ አይሱዙ ጤፍ ሲጫን ብርቱውን ሰው ቀድሞ የሚያስገባ አለቃ ገና ጀማሪ ነው። ብርቱው ከቀደመ ያፈጥናል፣ ሌላው እሱን ልድረስበት ይላል፣ መኪናው ግማሽ ሳይሞላ ሁሉም ትንፋሹ ያልቃል። ቀድሞ የሚገባው የማይቸኩለው ነው። ቀጥሎ ለጓደኛው ሸክም የሚያመቻቸው። ብርቱው አራተኛ ሆኖ ይምጣ፤ መንገዱ ተከፍቶ፣ ሰውነቱ ሞቆ። ጋሽ ታረቀ መቺዎቻቸውን ልክ እንደዚህ ደረደሩ። የፈረንጆቹ ስም ለአፍ ስላልተመቻቸውም ማርያማዊትን ስሞቹን አስለወጧት። ትከሻው ሰፊ የሆነውን፣ ኳሷን ሰማይ ሰቅሎ መሮጥ የሚረሳውን መቺ ባዘዘው አሉት፤ በረንዳው ላይ ኩንታል አሸክመውት ወሬ የሚጀምረው ባዘዘው እሱ ራሱ ነው። ከመቺው ኋላ ሆኖ የወርዋሪውን ኳስ የሚቀልበው ተቀባይ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ዱላው ደካማ፣ እግሩ ዘገምተኛ። ግን ከዝርዝሩ ግርጌ አንዲት ቁጥር ነበረችው፦ ወርዋሪን ማረጋጋት፣ ዘጠና አራት። ጋሽ ታረቀ እሷን ሲያዩ ብቻቸውን ሳቁ። «ሙሉሰው ነዋ» አሉ። የበረንዳው ሙሉሰው ብዙ አይሸከምም፤ እሱ የቀረ ቀን ግን ጆንያ ይቀደዳል፣ ሰው ይጣላል።

ታዲያ አንድ ስሕተት ሠሩ፤ ስሕተት ነው ያለችው ማርያማዊት ናት። የጫኞቹ ማኅበር እሑድን፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ሚካኤልን፣ በሃያ አንድ ማርያምን፣ በሃያ ዘጠኝ ባለወልድን አይሠራም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን በየቀኑ ይጫወታሉ። ጋሽ ታረቀ የጨዋታውን የፈረንጅ ቀን በወረቀት ላይ ወደ እኛው እየለወጡ፣ በበዓሉ ዋነኞቹን አሳርፈው ተጠባባቂዎቹን ያሰልፉ ጀመር። ከመቶ ሃያው ጨዋታ ሠላሳ ያህሉ በዚህ ሄደ፤ አብዛኛውንም ተሸነፉ።

«አባዬ፣ እነዚህ እኮ ሃይማኖት የላቸውም» አለቻቸው ማርያማዊት።

«እነሱ ባይኖራቸው እኔ አለኝ» አሉ። «የማዝዛቸው እኔ ነኝ።»

በዚያ ዓመት ከስምንት ስድስተኛ ወጡ። በሁለተኛው ዓመታቸው ግን ነገሩ ተገለበጠ። የሌላው ሁሉ ወርዋሪ ዓመቱ ሲገባደድ ክንዱ ዝሎ ከመቶ አርባ፣ ሠላሳ ላይ ሲወርድ የእሳቸው ሰዎች ከዘጠና በላይ ነበሩ። በዓል በዓሉን እየተሸነፉ የከረሙት ተጠባባቂዎችም እያደር ተጫዋች ሆኑ። ቡድኑ ወደ ላይ ወጣ፤ የተመዘገበው በይታያል ስም ነበርና፣ መንገድ ላይ «መደዳ» ይሉት የነበሩ ሰዎች ይታያልን ቆም ብለው ሰላም ማለት ጀመሩ። ይታያል ክፉ ሰው አይደለም። ግን ከተማ ሰላም ሲልህ፣ ሰላምታው የእኔ አይደለም ብሎ መመለስ ከባድ ነው።

ቁርስ ዳቦ በሻይ ነበር። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ሶፋው፣ ፍሪጁና ይታያል ለጥገና ያመጣቸው ሁለት የተከፈቱ ኮምፒውተሮች ቦታውን ይዘውታል፣ ለሦስት ሰው ጉልበት የምትቀረው ቦታ ትንሽ ናት። ማርያማዊት ሻይዋን ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ በኋላም ማማሰሏን አልተወችም። ኩሽና ሆና ስልኩን ሰምታለች፤ አባቷ ማንኪያዋን አይተው ዐወቁ፣ እሷም ማወቃቸውን ዐወቀች። ይታያል ዳቦውን አገላብጦ «አሥራ አምስት ብር አስገቡት፣ እሱም እየቀለለ ነው» አለ። ጋሽ ታረቀ «ቀሏል» አሉ። ማርያማዊት «የታች ሰፈሩ ይሻላል፤ እዚያም አሥራ አምስት ነው፣ ግን ይበስላል» አለች። ከዚያ በዳቦ ላይ የሚባለው ሁሉ አለቀ። በዚያ ቤት አማትና አማች አንቱ ነው የሚባባሉት። ጋሽ ታረቀ ይታያልን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ እሱም ሲያናግራቸው ዓይኑን ሰበር ያደርጋል። ከልጅ ባል ጋር ቃል መማዘዝ በእሳቸው ወገን ትልቅ ነውር ነው፤ እሳቸውም ይኼን ከአባታቸው ነው የወረሱት። ስለዚህ ይታያል አፉን ጠርጎ «ዛሬ ወንበሩ ላይ እኔ ልቀመጥ መሰለኝ፤ እርስዎ ወገብዎም አለ፣ ከኋላ ሆነው ያዩልኛል» ሲል፣ «ይሁን» አሉ።

«ያንን ሽማግሌ ተቀባይም ላሳርፈው ነው። ዱላው ምንም አይሠራም።»

«እሱን ባይነኩት» አሉ ጋሽ ታረቀ።

ይታያል «እናያለን» ብሎ ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ከተተ። ጋሽ ታረቀ ወደ ክፍላቸው ገብተው ኮታቸውን ሲለብሱ ቀን መቁጠሪያው ላይ ዓይናቸው አረፈ። ፍጻሜው ሦስት ጨዋታ ነው፤ ሁለቱን ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። የኮምፒውተሩ ቀን ወደ እኛው ሲለወጥ የመጀመሪያው ጥቅምት አሥር ላይ ይውላል፣ ሁለተኛው አሥራ አንድ፣ ሦስተኛው አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል። ይኼን ካዩት ወር ሆኗቸዋል፣ ለማንም አልተናገሩም። ሐሳባቸው በሁለቱ ጨርሰው ሦስተኛው ላይ ላለመድረስ ነበር።

የማርቲ ጁስ ቤት ከአስፓልቱ ዳር ነው። ማርቲ ሠላሳ ያልሞላት፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ የውድድሩ ዳኛም አስተዋዋቂም እሷ ነች። የዋጋ ሰሌዳዋ ላይ አቮካዶ ዘጠና፣ ስፕሪስ መቶ ይላል፤ መቶው ትናንት ሰማንያ አምስት እንደነበር ያልተጠረገው ጠመኔ ይመሰክራል። ከኋላ ባለው ክፍል ነጭ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ጨዋታው በርቷል፤ ከፊቱ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወደ ሃያ የሚሆን ሰው ዱካ ላይ ተደርድሯል። ተፋላሚው አበባው የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ያለፈው ዓመት ዋንጫ የእሱ ነው። ቡድኑ ከዳር እስከ ዳር ስመ ጥር መቺ ነው፤ ዋናው ወርዋሪው ደግሞ ዓመት ሙሉ ከሜዳ አልወጣም። ስፕሪሱን በማንኪያ እየበላ ይታያልን ሲያየው «መደዳ፣ ሃያኛውን ልትሞላ መጣህ?» አለው። ሰው ሳቀ። ይታያልም ሳቀና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ታረቀ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የሰው ማጅራት ነው።

ይታያል ያለውን አደረገ። ሽማግሌውን ተቀባይ አስቀምጦ ዱላው ብርቱ የሆነ ወጣት አስገባ፣ ባዘዘውን ከአራተኛ ወደ አንደኛ አወጣው። ባዘዘው መትቶ ኳሷን ሰማይ ላይ ሰቀላት፤ ግን ከፊቱ ቤዝ ላይ የቆመ ሰው ስለሌለ የገባው እሱ ብቻ ነው። አንድ ነጥብ። ከዚያ በኋላ ወርዋሪው ተረበሸ። ወጣቱ ተቀባይ ማረጋጋቱ ሃያ ሁለት ነው፤ ኳሱ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ይሄዳል። አበባው ሰባት ለአንድ አሸነፈ። የይታያል ማጅራት በላብ ወርዝቷል። ጋሽ ታረቀ ያን ማጅራት ሲያዩ የጠዋቱ ቂም ትንሽ ላላ። ያልለመደውን ኩንታል ሰው አየኝ ብሎ የተሸከመ ሰው ማጅራት እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ስንቱን አይተዋል። ሁለተኛውንም ከተሸነፉ የሁለት ዓመት ቡድን አለቀ፣ ዋንጫውም የሌላ ነው።

ለሁለተኛው ጨዋታ ይታያል ወደ ኋላ ሳይዞር፣ አማቱ ያስቀመጡትን የቆየውን አሰላለፍ መልሶ ጫነ። ማርቲ ማይክ የለሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉትን ስሞች ከግድግዳው ላይ ታነብ ጀመር። «አራተኛ መቺ ባዘዘው፣ አምስተኛ ይርሳው፣ ስምንተኛ ሙሉሰው።»

«አቤት» አለ አንድ ሰው ከበሩ።

ሁሉም ዞረ። በሩ ላይ አንድ ጆንያ አቮካዶ በትከሻው የያዘ፣ ጭንቅላቱን በሻሽ የጠመጠመ ጠና ያለ ሰው ቆሟል። «ማነው የጠራኝ? ከነሸክሜ አታቁሙኝ፣ የት ላውርደው?»

ማርቲ «አንተን አይደለም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ነው» አለችው። ሰውየው ጆንያውን ቀስ አድርጎ፣ አንድም ፍሬ ሳይፈርጥ ግድግዳው ጥግ አወረደና ቀና አለ። ከዚያ ከኋላው ረድፍ ጋሽ ታረቀን አያቸው።

«አለቃ፣ አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«አንተን እያሰለፍኩ ነው» አሉ ጋሽ ታረቀ።

ሙሉሰው ሻሹን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ማርቲን ስሞቹን አስደገማት። ባዘዘው ስትል «እሱ ገና ታች መኪናው ሥር እያወራ ነው» አለ። ይርሳው ስትል «እሱንም አስገባችሁት?» አለ። ወደ መጨረሻው ላይ ግን ማሾፉን ተወ። «ይኼ እኮ የበረንዳው ጓድ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ተራው ራሱ የአይሱዙ አጫጫን ነው። የማይቸኩለው አንደኛ፣ ባዘዘው አራተኛ። ይኼን የደረደረው አለቃ ነው እንጂ ሌላ ማንም አይደለም።»

አበባው ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ ትቶ «ይታያል፣ እኔው ነኝ የሠራሁት አላልክም እንዴ?» አለ። እንደ ቀልድ ነው የጠየቀው፣ ቀልድ ሆኖ ግን አልወጣም። ይታያል ግድግዳውን እንጂ ሰው አላየም። ጋሽ ታረቀ በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ቢናገሩ ጠዋት ለሰሙት ሁሉ ብድር ይመለስ ነበር፤ ሃያ ሰው ይሰማ ነበር፤ ማርያማዊትም ማታ በሌላ ሰው አፍ ትሰማው ነበር። «ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ» አሉ ብቻ። «ቡድኑ የቤታችን ነው።»

ይታያል ተነሣ። ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ሳበውና፣ እንግዳ እንደሚያስቀምጥ ጎንበስ ብሎ «ይቀመጡ» አላቸው። ማርቲ አበባውን አየችው። «ይግቡ እንጂ» አለ አበባው፤ «አማትንም አማችንም በአንድ ቀን ማሸነፍ ደስ ይላል።» ጋሽ ታረቀ ቀበቷቸውን ደገፍ አድርገው ወደ ፊት ሄዱ፣ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን ከኮት ኪሳቸው አወጡ። የሚቸኩሉበት ነገር አልነበረም። ወርዋሪው ሙሉሰውን ከፊቱ ሲያይ ኳሱ ቀጥ አለ። የማይቸኩለው አንደኛ መቺ መጥፎ ኳሶችን አሳልፎ አሳልፎ በነጻ ቤዝ ላይ ቆመ፤ ሁለተኛው አመቻቸለት፤ ባዘዘው አራተኛ ሆኖ ሲመጣ ከፊቱ ሁለት ሰው ቆሞለት ነበር። አራት ለሁለት አሸነፉ። ትልቁ ሙሉሰው ከኋላ ቆሞ፣ ትንሹ ሙሉሰው ሦስት ጊዜ በዱላ ስቶ ሲመለስ «ልክ ነው፣ እኔም አልችልበትም» አለ።

ሦስተኛው ጨዋታ ሲከፈት የኮምፒውተሩ ቀን ከግድግዳው ጥግ ላይ ብቅ አለ። ጋሽ ታረቀ ጣታቸውን አንሥተው ዋነኞቹን አንድ በአንድ ማስወጣት ጀመሩ። ባዘዘው ወጣ፣ ይርሳው ወጣ፣ ሙሉሰው ወጣ። ይታያል ከጎናቸው ተንበርክኮ ነበር፤ ምን እንደሆነ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ።

«እባክዎ፣ ዛሬን ብቻ» አላቸው በሹክሹክታ። «ሚካኤል ኮምፒውተር ውስጥ አያይም።»

«እሱ ባያይ እኔ አያለሁ» አሉ፤ ቁጣ የለበትም። «ደግሞ እነዚህን ስንት በዓል እየተሸነፉ እንዲማሩ ያደረግኳቸው ለዛሬ ነው። አይፍሩ።»

አበባው ተጠባባቂዎቹን ሲያይ ፈገግ አለ። «አባቴ፣ እየራሩልኝ ነው?» ሙሉሰው ግን ከኋላ «አለቃ፣ እኔስ?» ብሎ ጠየቀ። «አንተ ዕረፍ፣ እዚያ ዛሬ ሚካኤል ነው» አሉት። «እኔ እዚህ ጆንያ ተሸክሜ፣ ያኛው ሙሉሰው ሚካኤልን አክብሮ ተቀምጧል» አለ ሙሉሰው። «ወይ ከኔ የተሻለ ኑሮ።» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ጨዋታው እኩል እየሄደ ነበር። የጫኞቹ ስም ሲያልቅባቸው ጋሽ ታረቀ ተጠባባቂዎቹን በበረንዳው ጎረቤቶች ስም ነበር የሰየሟቸው። ሚዛን የሚያነበው እንዳላማው አለ። ሻይ ሻጯ አይናዲስም አለች፤ ከወንዶቹ መሐል ማን እንደሆነች የጠየቀ የለም። እነዚህ ሰዎች ሁለት ዓመት እየተሸነፉም አብረው ከርመዋል፤ ማን የት እንደሚቆም ይተዋወቃሉ። የአበባው ዋና ወርዋሪ ግን ስሙ ትልቅ ቢሆንም ክንዱ ሠላሳ ስምንት ላይ ነበር፤ በየዙሩ ይወርዳል። አበባው ሊቀይረው እጁ አልሄደም። ስመ ጥርን ሰው ማስቀመጥ ይከብዳል።

ሦስት ለሦስት ሆነው የመጨረሻው ዙር ደረሰ፣ ዱላው የጋሽ ታረቀ ነው። አይናዲስ ኳሷን በትንሹ ነክታ አንደኛው ቤዝ ደረሰች። ቀጥሎ የመጣውን ጋሽ ታረቀ ዱላውን ኳሷ ላይ አስነክቶ እንዲተዋት አዘዙት። እሱ በእኛ ልጆች ቋንቋ ተቃጠለ፣ ወጣ፤ አይናዲስ ግን ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆመች። ከሁሉም ትእዛዝ ጋሽ ታረቀ የሚወዱት ይኼን ነው፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ሌላው ከፍ የሚልበትን። እንዳላማው መጣ። እውነተኛው እንዳላማው የሚዛኑ ቀስት ረግቶ ሳይቆም ቁጥር አንብቦ አያውቅም፤ ነጋዴው ቢጮህበትም አያነብም። ይኼኛውም ሁለት መጥፎ ኳስ አሳልፎ ሦስተኛውን መታት። ኳሷ በቀኝ በኩል ሄዳ ብዙ ሳትርቅ ወደቀች። ጨዋታው ቆመና ግድግዳው ላይ ጥያቄ ወጣ፦ አይናዲስን ሦስተኛው ላይ ያቁሟት ወይስ እስከ መነሻዋ ይላኳት?

«ያቁሟት» አለ ይታያል። «ፍጥነቷ ሰባ አንድ ነው፣ ኳሱ ይቀድማታል።»

«ቁጥሩን የጻፈው ሰው አይናዲስን አላያትም» አሉ ጋሽ ታረቀ። አንድ ዓመት አንድ የደምበጫ ሹፌር ብርጭቋዋን ከነሻዩ ይዞባት ሲነዳ፣ አይናዲስ ጉርድዋን ሰብስባ ተከተለችው፤ ኬላው ጋ ደርሳበት ብርጭቆዋን ተቀብላ፣ ሻዩን ደፍታ ተመልሳለች። ጋሽ ታረቀ አመልካች ጣታቸውን አንዴ ነቅንቀው «ላክ» የሚለውን ተጫኑ። ትንሿ አይናዲስ ሦስተኛውን ማዕዘን ዞረች። ኳሷም ከሩቅ ተነሣች። ሙሉሰው ሻሹን ከራሱ አውርዶ በእጁ ጨብጦታል። ኳሷና አይናዲስ እኩል ደረሱ የተባለበት ቦታ ላይ ምስሉ ትንሽ ተንቀረፈፈ፣ ከዚያ አራት ለሦስት የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ጩኸቱን ትተን አበባውን እንይ። ተነሥቶ ጋሽ ታረቀን በሁለት እጁ ጨበጣቸው። «በበዓል ቀን ሰዎችዎ ነው ያሸነፉኝ» አላቸው። «ወርዋሪህን አሳርፈው ልጄ» አሉት፤ «ጥሩ ሰው ነው፣ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላረፈም።» አበባው አንገቱን ነቀነቀ። ማርቲ ሳትጠየቅ ለሙሉሰው ሙሉ ብርጭቆ አቮካዶ ቀዳችለት። እሱም ቆሞ ጠጣውና «ይኼ ለየትኛው ሙሉሰው ነው?» ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ጆንያው ወደ ቀረበት መኪና ወረደ።

በባጃጅ ሲመለሱ ይታያልና ጋሽ ታረቀ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ካፊያ ጀምሯል። የባጃጁ ልጅ «ከፍ ያለው መንገድ ተቆፍሯል፣ በታች ልሂድ?» ሲል ሁለቱም በአንድ አፍ «በታች» አሉ። ሰፈር ሲደርሱ ይታያል ቀድሞ ወርዶ ክንዱን ዘረጋላቸው፤ ወገባቸው ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው አይደለም፣ ዛሬ ግን የበራቸው ደፍ ላይ እስኪደርሱ አለቀቃቸውም። ማርያማዊት ከማጠናከሪያ ትምህርት ተመልሳ ምሳ አቅርባ ነበር። አባቷን አየች፣ ባሏን አየች፣ ማን እንዳሸነፈ ሳትጠይቅ ለአባቷ ሽሮው ላይ ቅቤ ጨመረችላቸው፤ ለባሏም ትንሽ ቆየት ብላ ጨመረችለት።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ታረቀ ክፍላቸው ገብተው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ ቀበቶውን ፈቱ። ከችፑዱ ማዶ ስልክ ጮኸ። የይታያል ድምፅ የጠዋቱን ያህል አይደለም፤ አፉን ስልኩ ላይ ገጥሞ ነው የሚያወራው። «ቀራጩ ጋ ደረስሽ? አይ፣ ጠዋት የነገርኩሽን ተይው። አሠልጣኝ ታረቀ በይ። አዎ፣ አማቴ ናቸው። የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከመጀመሪያውም እሳቸው ናቸው ማርቲ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የአባታቸው ስም እንግዳው።» የመጨረሻው ቃል ከችፑዱ ጋር ተጣብቆ ሊቀር ምንም አልቀረውም።

ጋሽ ታረቀ የቀን መቁጠሪያው ጠርዝ ላይ በጣታቸው ሁለቴ ቆረቆሩ።

«ትንሽ ጮክ ይበሉ» አሉ፤ «የአባቴ ስም እንዳይሳሳት። ጠዋት በደንብ ይሰማ ነበር።»

ኩሽና ውስጥ የማርያማዊት ማንኪያ ወደቀ። ከዚያ ይታያል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ የአማቱን ስም ከነአባታቸው ለማርቲ ፊደል በፊደል ቆጠረላት።